አገር ጠያቂው አቶ ልሳኑ

አቶ ልሳኑ መሞቱን የሰማሁት ከቀብሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ከተጂ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር በራፌ ላይ ቆሞ፣ "የድሮው ወፍጮ ቤት ዘበኛ፣ ደምሴ የሚባሉ እዚህ ናቸው?" አለ።

"እኔ ነኝ፤ ምን ፈለግህ?" አልኩት።

"ተጂ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ ዐረፉ። ነገ ነው ቀብሩ። አከራያቸው ንገርልኝ ብላኝ ነው።"

አከራይ እንጂ ሌላ ነጋሪ አልነበረውም። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ሳይማር ቀርቶ አይደለም። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ሊጨርስ አንድ ጽሑፍ ብቻ የቀረው ሰው ነበር። ያ ጽሑፍ የሞተው እዚህ ዓለም ገና፣ እኔ ፊት ነው። እኔም ፈርሜበታለሁ።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ይህን የምጽፈው የጠፋብኝ ስም ስላለ ነው። የአንድ ሰው ስም ነው። ሁለት ጊዜ በጆሮዬ ሰምቼው ጠፋብኝ። የጠፋውም ለእኔ የሚያስፈልግ ስም አይደለም፤ ለሌላ ሰው ነው። ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ጃንሆይ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። እኔ ጅማ መንገድ ዳር፣ የአንድ ነጋዴ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበርኩ፤ ዘበኛም፣ ጠራጊም። በሰሜን ዝናብ ጠፍቶ ሰው በየመንገዱ ፈሰሰ። አዲስ አበባ እንዳይገባ በየበሩ ይመልሱታል። የተመለሰው ከሱሉልታ በቡራዩ እየዞረ፣ ገሚሱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከወፍጮው ጀርባ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱት የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ እዚያ ገቡ።

እዚያ የገቡት ለጥራጊው ብለው ነው። ወፍጮ ቤት ሲዘጋ ወለሉ ይጠረጋል። የሚወጣው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ አፈር ነው። ቀድሞ ለዶሮ ነበር የሚሰጠው። ያን ዓመት ሰው ተሰልፎ ይወስደው ጀመር። እኔ ነበርኩ የማከፋፍለው፤ ስለዚህ ሁሉም ያውቀኛል፣ ያምነኛልም። ይህን ልብ በሉልኝ።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን አንድ ቀጭን ልጅ ከአውቶቡስ ወረደ። ካፖርቱ የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቶታል። እርሳሱን በሲባጎ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

"ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት" አለኝ።

"ምን ይዘህ?"

"ጥያቄ።"

"እዚህ የሚፈለገው እህል ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ። ግን ስንት ሰው እንደተራበ ያልጻፈ ሰው እህል ስጡኝ ቢል ማን ይሰጠዋል?"

የሚያጠናው፣ አገሩን ለቆ የወጣ ሰው በደረሰበት አገር እንዴት እንደሚለምድ፣ ማን እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚያስጠጋው ነበር። እኔ ስቄበታለሁ። ኦቦ ቱፋ ደግሞ ከእኔ የባሰ ሳቁበት። ኦቦ ቱፋ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገብሳቸውን በአህያ ጭነው ለማስፈጨት ይመጣሉ። ነገሩን ሲሰሙ፣

"ይህን ለማወቅ ነው እስከዚያ የተማርከው?" አሉት። "እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ይበላል፣ ያድራል። በቃ። ጻፈው፤ አለቀ።"

"ከየት መጣህ አትሉትም ኦቦ?"

"ኬሱማን፣ እንግዳን፣ ከየት መጣህ ትለዋለህ እንዴ? ነውር ነው። ሂድልኝ ማለት እኮ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ በር ላይ የቆመን ሰው አገርህ የት ነው ብሎ መጠየቅ ደስ አይልም። ራሱ ካልተናገረ አይነካም። አቶ ልሳኑ ግን ዋናው ጥያቄው እሱ ነበር። ስምሽ ማነው? የባልሽስ? አገርሽ የት ነው? ከቤት ስትወጡ ስንት ነበራችሁ? አሁንስ? መንገድ ላይ ማን አጎረሳችሁ? መመለስ ትፈልጋላችሁ? ሰባቱን ሁልጊዜ በዚሁ ተራ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰፈሩ "አገር ጠያቂው" ብሎ ስም አወጣለት።

አጠያየቁ እንደ ሹም አልነበረም። ሰውየው መሬት ላይ ከተቀመጠ እሱ ይንበረከካል። ሰውየው ከተኛ እሱ በክርኑ ጋደም ይላል። ከተጠያቂው በታች ሳይሆን አንድ ቃል አይጽፍም። "ስንት ነበራችሁ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያይም፤ ጣታቸውን እያጠፉ የሞተባቸውን ሲቆጥሩ አቀርቅሮ ይጠብቃል። ሲጨርሱ ከሚሉት በላይም በታችም አይጽፍም። አንዴ አንድ ሰው "ወይ አምስት ወይ ስድስት" አለው። "ይቁጠሩ አባቴ፤ እኔ አልቸኩልም" ብሎ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

"ያልተጻፈ ሰው ሲሞት አልነበረም ይባላል" ይለኝ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ነው ያለኝ።

መጀመሪያ ማንም አልመለሰለትም። አገራቸውን ከተናገሩ የሚመለሱ እየመሰላቸው ነው። አንዷ "ከዚሁ ነኝ" ትለዋለች፣ ንግግሯ የወሎ ሆኖ። መጥቶ ለመነኝ። እኔ ነኝ መጋዘኑ ገብቼ፣ "ለእህል ነው የሚጽፈው፤ እኔን ካመናችሁ እሱን እመኑ" ያልኳቸው። አመኑኝ። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ ያደረግሁት።

በዚያው ሰሞን ፊደል አስቆጠረኝ። ወፍጮው ሲቆም ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ይቀራል። በጣቱ እየጻፈ "በል ይህን" ይለኛል። ተሳስቼ ስሠራ በመዳፉ ጠርጎ እንደገና ይሰጠኛል። "ዱቄት ደግ ነው፤ ስሕተት አይዝም" አለኝ አንድ ቀን። በአንድ ወር ስሜን መጻፍ ቻልኩ።

ከመጋዘኑ ሰዎች መካከል ዘይነባ የምትባል ሴት ነበረች። ሦስት ዓመት ያልሞላት ሉባባ የምትባል ልጅ አለቻት። ባሏ መንገድ ላይ ሞቶ ነው የደረሰችው። አቶ ልሳኑ ሲጠይቃት እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የባሏን ስም ነገረችው፤ የቀበሌዋንም ስም፣ ቤቷ ከየትኛው ወንዝ በላይ እንደሆነም ነገረችው። እሱ ጻፈ። እኔ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። አሁን የጎደለኝ እሱ ነው።

ዘይነባ ትኩሳት ያዛት። ተስቦ ነው ተባለ። ኦቦ ቱፋና ሚስታቸው ጫልቱ ልጅ አልነበራቸውም። ጫልቱ ገብስ ልታስፈጭ በመጣች ቁጥር ሉባባን አቅፋ ስትዞር ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ቱፋ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጥተው ዘይነባ ፊት ተቀመጡ።

"ልጅቱን ለእኛ ስጪን። ብትድኚም ልጅሽ ናት፣ ሁለት ቤት ይኖራታል።"

ዘይነባ ልጅቱን ወደ ራሷ ሳበቻት። ከዚያ፣ "የናንተን ሥጋ እንዳታበሉብኝ አቡዬ" አለች። እስላም ናት፤ እነሱ ክርስቲያን ናቸው።

"ሥጋ ከየት አግኝተን ነው የምናበላት?" አሉ ኦቦ ቱፋ። "እኔም ከፋሲካ ወዲህ ሽታውን አላውቀውም።"

ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ኦቦ ቱፋ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ለልጅቱ ሰጧት፤ ጠባችው። የጡት አባት ሆኑ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ከሆድ ከወጣ አይለይም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ የሰው ነው ያለ ሰው ደም ይቃባል። አቶ ልሳኑ ተንበርክኮ ሁሉንም ይጽፋል።

"ኦቦ፣ አሁን ማን ብዬ ልጻፋት? የአባቷን ስም ነው የምለው" አለ።

"ቱፋ ብለህ ጻፋት።"

"የወለዳትስ?"

"እኔ አልጠየቅኋት፤ አልጠይቅምም። አንተም ብትተወው ምን አለበት?"

"እውነቱ ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይጻፋል" አለ። የወለዳትን ላይ አስቀምጦ፣ ከታች "ቱፋ በጉዲፈቻ" ብሎ ጻፈ። ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ግትርነቱን ወደድኩለት፤ እኔም ግትር ነኝ።

ግንቦት ሲገባ ጽሑፉ አለቀ። በካርቦን ሁለት አድርጎ ገልብጦት ነበር። አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አንዱን ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። "ዝርዝሩን ካመጣህ እህል እንልካለን" ብለውት ነበር። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው የመጣው። ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ነው "እሺ አሉ ጋሼ ደምሴ" ያለኝ።

በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ሁለት የጭነት መኪና መጣ። መጋዘኑ ተንጫጫ። ሴቶቹ ያላቸውን ጆንያ፣ ጆንያ የሌላት ነጠላዋን ይዘው ተሰለፉ። ዘይነባ ሳትቀር በሰው ትከሻ ተደግፋ ወጣች። ኦቦ ቱፋም ልጅቱን ተሸክመው መጥተው ነበር፤ እህል ሲታደል እናቷን ሊያግዙ። መኪናው ሲከፈት ባዶ ነው።

ከጋቢናው አንድ ሹም ወረደ። ኮቱ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ። ፖሊሶች ነበሩ፤ ዱላ ግን ማንም አላነሣም። የአቶ ልሳኑን ወረቀት ዘረጋ። ሰማያዊውን የካርቦን ጽሕፈት ከሩቅ ለየሁት።

"ስማችሁ የተጠራ ተሳፈሩ። አገራችሁ ትመለሳላችሁ" አለ።

"እዚያ ምን አለ ጌታዬ? ከዚያ አይደል የሸሸነው" አለ አንድ ሽማግሌ።

"እህሉ እዚያ ነው።"

አንድ በአንድ ጠራቸው። ስም ከነአባት፣ ከነአገር። መካድ የሚችል የለም፤ በደንብ ተጽፈዋል። "ከዚሁ ነኝ" ትል የነበረችዋ ሴትም አመልካች ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ እያየችኝ ተሳፈረች። እኔን ነው ያየችው እንጂ አቶ ልሳኑን አይደለም።

"ዘይነባ" አለ ሹሙ። "ልጇ ሉባባ።" የአባቷን ስም ጠራ፤ አገሩንም ጠራ። ሁለተኛ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ኦቦ ቱፋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። "ኢንተላ ኮቲ" አሉ። ልጄ ናት ማለታቸው ነው። "የእኔ ናት፤ አትሄድም።"

"ወረቀቱ እንዲያ አይልም ሽማግሌ።"

"ወረቀቱ ማር አልጠባም።"

ሹሙ አልተቆጣም። ከታች ያለውንም አነበበ። "በጉዲፈቻ ይላል። ታዲያ የመጣችው ከሌላ አገር ነው ማለት ነዋ። ታዛዥ ነኝ እኔ፤ የመጣ ሁሉ ይመለስ ነው የተባልኩት።" ዞሮ አቶ ልሳኑን ፈለገው። "ተማሪው፣ ወዲህ በል። ይህ የአንተ ጽሕፈት ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ልክ ነው?"

አቶ ልሳኑ አንገቱ ላይ ያለችውን እርሳስ በጁ ጨበጣት። ኦቦ ቱፋ እያዩት ነው። ዘይነባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እያየችው ነው። አምስትና ስድስት ያምታታውን ሰው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ልጅ ነው ይህ።

"እሷን ተሳስቻለሁ" አለ። "የኦቦ ቱፋ ልጅ ናት።"

"አንዷን ከተሳሳትህ ሌላውን በምን ልመንህ?"

"ሌላው ልክ ነው።"

"አይሆንም። ወይ ሁሉም ልክ ነው፤ ይሳፈራሉ። ወይ ሁሉም ስሕተት ነው፤ ከጀርባው ጻፍልኝና ባዶዬን እመለሳለሁ።"

"ባዶዎን?"

"ያልመጣ ሰው ከየት አምጥቼ ልጫን?"

አሁን ሳስበው ሰውየው ከመጀመሪያው የፈለገው ይህንኑ ፊርማ ነበር። ያን ጊዜ ግን ለእኔ ምሕረት ነው የመሰለኝ። "ፈርም እንጂ" አልኩት አቶ ልሳኑን፤ በጆሮው። መኪናው ላይ ያሉትም "ፈርም ወንድሜ፣ ፈርም" ይሉታል። እሱ ብቻ ነው የገባው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሹሙ እየነገረው ጻፈ፤ የጻፍኩት ሁሉ ስሕተት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ችግረኛ በዚህ ስፍራ የለም። "የለም" የምትለው ላይ ቆመ።

"የለም ብለህ ጻፍ" አለው ሹሙ።

ጻፈ። ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። ስሙን መጻፍ የሚችል ማነው ሲሉ እኔ ወጣሁ። ደምሴ ብዬ ጻፍኩ። በዕድሜዬ በወረቀት ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃሌ እሱ ነው። ኮራሁም። ምን ይደረግ፣ ኮርቻለሁ።

መኪናዎቹ ባዶአቸውን ሄዱ። ሰዉ እልል አለ፤ ጉልበቱን የሚስመው፣ እጁን የሚስመው በዛ። እሱ ማንንም ሳያይ ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ።

"ልጅቱን አዳንካት" አልኩት ተከትዬው።

"የለም ብዬ ጻፍኩ እኮ ጋሼ።"

"ቢሆንስ? ወረቀት ነው።"

"ወረቀት ነው" አለ እሱም። ከዚያ፣ "ምላጭ አለህ?" አለኝ።

ጢሜን የምላጭበት ነበረኝ፤ ሰጠሁት። ከሰጠሁት በኋላ ደነገጥኩ። ራሱን ሊጎዳ ይሆን ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲቆይብኝ "ልሳኑ" ብዬ ጠራሁት። "አለሁ" አለ። ወጥቶ ምላጩን መለሰልኝ። ጢሙ እንዳለ ነው። ምን እንዳደረገበት አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እህል ሊጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄደ። "ለማን?" አሉት። የገዛ እጁን ጽሕፈት እያሳዩ ነው፤ የለም ብለህ የለም እንዴ? በመንደሩ ያለው ገብስም አለቀ፤ የሚፈጭ ሲጠፋ ጥራጊም ጠፋ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። መጋዘኑ ከሥር ውኃ ያስገባል። ተስቦው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ዘይነባ ሐምሌ ላይ ሞተች። ከዚያ የሞተውን ስም በስም አልናገርም፤ እሱ ጽፎታል። መቃብር የቆፈርነው እሱና እኔ፣ አቅም የነበራቸው ጥቂት ወንዶችም ነን። እሱ መቆፈር አያውቅም፤ እጁ ተላጠ፤ በጨርቅ ጠምጥሞ ይቆፍራል። አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣

"በመኪናው ቢሄዱ ኖሮስ?" አለኝ።

"እዚያም ይሞቱ ነበር።"

"ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አለና መቆፈሩን ቀጠለ።

ዩኒቨርሲቲው በራሱ እጅ ስሕተት ነው ያለውን ጽሑፍ አልቀበልም አለው። እሱም አልተከራከረም። መስከረም ላይ ተጂ ወረደና ገበያው ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረ። እዚያው ሸመገለ። አንዴ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ባለጉዳዩን ስሙን እንኳ አይጠይቅም። "የምጽፈውን ንገረኝ" ብቻ ነው የሚለው። ሰውየው ስሙን መናገር ከረሳ ቦታውን ባዶ ይተውለታል።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዓለም ገና ይመጣ ነበር። ለበዓል እንደሚመጣ ዘመድ ነው፤ ቀኑን አይስትም። እኔ ጋ ይቀመጥና ሁልጊዜ ያችኑ ይጠይቀኛል።

"አንተ ብትሆን ትፈርም ነበር?"

"ፈርሜያለሁ እኮ።"

"እሱን አይደለም የምልህ።"

ምን እንዲባል እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አዎ ብዬው ቢሆን፣ አይ ብዬው ቢሆን፣ አንዱ ያሳርፈው ይሆናል። እኔ ግን የማላውቀውን አልናገርም ብዬ ድርቅ አልኩ። አሁን ሳስበው ውሸትም ቢሆን አዎ ማለት ነበረብኝ። እሱ ለሦስት ዓመት ልጅ ሲል ዋሽቶ የለም እንዴ።

ሉባባን ማየት ይፈልግ ነበር። ኦቦ ቱፋ ግን ገና መጀመሪያ ከልክለውታል። "አንተ ልጅ፣ ውለታህን አልረሳም። ግን አንተ ስትጠይቅ መኪና ይመጣል። ልጄ አጠገብ አትድረስ" አሉት። ቃሉን ሰጠ። ከግቢው ማዶ፣ መንገዱ ላይ ቆሞ ትንሽ አይቷት ይመለሳል። ኦቦ ቱፋ ከሞቱም በኋላ ያንኑ ያደርግ ነበር። ኋላ ሉባባ አግብታ፣ ወልዳ፣ አንድ ቀን ከቤቷ ወጥታ፣ "አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?" ትለዋለች። እሷ ናት የነገረችኝ።

"መንገድ ተሳስቼ ነው ልጄ" አላት። ሄደ።

ተጂ ለቀብሩ ስደርስ አሥር ሰው አይሞላም ነበር። አከራይቱ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ሰጠችኝ። ላዩ ላይ "ዓለም ገና፣ ለደምሴ" ይላል። ውስጡ ያ ጽሑፍ ነው፤ ለራሱ ያስቀረው፤ ሹሙ የወሰደው ግልባጭ እንደወጣ ቀርቷል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል።

ሉባባ ሰምታ ዓለም ገና ቤቴ መጣች። ኦቦ ቱፋ እንዳልወለዷት ታውቃለች፤ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር አይደበቅም። ግን ማን እንደወለዳት የሚነግራት ሰው አልነበረም። ኦቦ ቱፋ አልጠየቁም፤ ጫልቱ አልጠየቀችም። ከመጋዘኑ የተረፉት የት እንደገቡ አይታወቅም። በዚህ ሁሉ አገር የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

"አባባ ደምሴ፣ ያንብቡልኝ" አለችኝ። "አባቴ ቱፋ ነው። ግን የዚያኛውንም ስም ልወቀው፤ ለልጆቼ።"

ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩላት። የሁሉም ስም አለ። በየስሙ ጎን፣ በሌላ ቀለም፣ ኋላ የጨመረው አለ፤ ሐምሌ ሞተች፣ ነሐሴ ሞተ፣ ነሐሴ ሞተ፣ ወዴት እንደሄደ አልታወቀም። ዘይነባ ጋ ደረስን። ዘይነባ ይላል። ሐምሌ ሞተች ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የባሏ ስም፣ ቀበሌው፣ ወንዙ፣ የልጅቱ መስመር መኖር ነበረበት።

ተፍቋል።

በቀለም የተሰረዘ አይደለም፤ በምላጭ፣ ቀስ ተብሎ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ተፍቆ፣ በላዩ ላይ አንድ ብቻ ተጽፏል፤ ሉባባ ቱፋ። ያን ዕለት በእኔ ምላጭ ነው። ውሸቱን ከተናገረ በኋላ ጽሕፈቱ ከቃሉ እንዲስማማ አደረገ። ቤቱ ቢፈተሽም፣ ዞረው ቢመጡም፣ እሷን የሚያስወስድ ምንም እንዳይገኝ። የሌላውን ሁሉ ትቶ እሷን ብቻ ነው የፋቀው።

ሉባባ ወረቀቱን ወስዳ በሩ ላይ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። በተፋቀው በኩል ብርሃን ያልፋል። ሌላ የሚታይ የለም።

"እርስዎ ሰምተውት የለ?" አለችኝ።

"ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ።"

"ትዝ አይልዎትም?"

"አይታወሰኝም ልጄ።"

"አገሩስ?"

"ወሎ።"

"ወሎ ሰፊ ነው አባባ።"

"ሰፊ ነው" አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ ከረጢቱ ውስጥ መለሰችው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ መቆሚያው ሄጄ እቀመጣለሁ። የወሎ ንግግር የሰማሁበትን ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌ ከሆነ ይልቁንም፣ አስቁሜ "አገርህ የት ነው?" እለዋለሁ። ዘይነባ የምትባል፣ ሉባባ የምትባል ሕፃን ይዛ በዚያ የረሃብ ዓመት ከባሏ ጋር የወጣች ሰምተህ እንደሆነ እለዋለሁ። የሰፈሩ ልጆች አገር ጠያቂው ይሉኛል። አንዳንዱ መንገደኛ አገሩን ስጠይቀው ደንግጦ ዝም ይለኛል፤ ወይም "ከዚሁ ነኝ" ይለኛል። አልፈርድበትም። አሳልፈውና የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።